ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃ ለምትመርጪ እኅት

ልጄ፣ የምክክሩ ወረቀት ገዳሪፍ ድረስ እንደመጣልሽና ስም መጻፉ እንደከበደሽ ነግረሽኛል። «እኔ ታናሽ ነኝ፤ ታላላቆቹ ያውቁበታል፤ ዝም ብዬ ብጸልይ ይበጀኛል» ብለሻል። ጸሎቱን ጸልዪ፤ ዝምታሽን ግን አልመርቅልሽም። ማኅበራችን አለቃ የሚመርጠው በማስተዋል ነው ስንል፣ መንፈስ ቅዱስ እያንዳንዷ እኅት ባየችውና በሰማችው በኩልም ይናገራል ማለታችን ነው። አንዷ ያየችውን ከደበቀች ጉባኤው በዚያው ልክ ይታወራል። እኔም በሱዳን ምሥራቅ ያረጀሁ ሴት ነኝና የምመክርሽ አንቺው ካለሽበት ምድር ተነሥቼ ነው። የአገራችንን ዘመን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ፤ የቀረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

1. ስም ከመፈለግሽ በፊት ሥራውን እዪ።

ወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታ ስታዪ እጅሽ ወደምትወጃት እኅት ስም ይሮጣል። ያዢው። በመጀመሪያ መጻፍ ያለበት የሚመጡት ዓመታት ከማኅበሩ ምን እንደሚጠይቁ ነው፤ አንቺ ያለሽበት ቦታ ደግሞ ይህን ለማየት ከማንም ቤት ይበልጣል። እዚያው ገዳሪፍ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1977 ዓ.ም. በረሀቡ ዘመን ከኢትዮጵያ የተሰደዱትን አስጠልሎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ ያው ቦታ እንደገና ተከፈተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ቱናይድባ ተጨመረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያው ሲጀመር ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። የካርቱም፣ በኋላም የወድ መደኒ ሰው ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ሌላው ጋላባትን አቋርጦ መተማ ገባ፤ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተተከለለት። ትናንት ስደተኛ ይቀበል የነበረ አገር ሕዝብ ራሱ ስደተኛ ሆነ።

እንግዲህ የምትመጣዋ አለቃ የሚጠብቃት ምንድን ነው? የትኛው ቤት ይዘጋ፣ የትኛው ይቆይ ብላ መወሰን። የምትሄደዋንና የምትቀረዋን እኅት መለየት፤ በዚያ ውሳኔ የተቀየመችውንም መሸከም። ባንክ በተዘጋበት አገር ለአንድ ክሊኒክ ገንዘብ ማድረስ። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር አፈር መኪና ከመያዙ በፊት መድኃኒቱንና እህሉን ማስገባት። ብዙ መከራ አይታ የደከመችን እኅት፣ እርሷ «ደህና ነኝ» እያለችም ቢሆን፣ አውጥቶ ማሳረፍ። እነዚህን በደብተርሽ ጻፊ። ከዚያ በኋላ ስሞቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ስሙ ከቀደመ ግን ምክንያቱ በስሙ ልክ ይሰፋል።

2. የልብሽን ዝንባሌ ፈትኚው።

ልባቸው ያዘነበለበትን መከተል ማስተዋል የሚመስላቸው አሉ፤ ዝንባሌ ግን መፈተን አለበት። በ1539 ኢግናጥዮስ ዘሎዮላና ባልንጀሮቹ ሮም ላይ ሆነው፣ ከመካከላቸው ለአንዱ በመሐላ ይታዘዙ ወይስ አይታዘዙ በሚለው ላይ ለወራት መከሩ። ቀን የተለመደ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ማታ ይሰበሰባሉ። መስማማት ሲያቅታቸው አንድ ሥርዓት አወጡ፦ በአንደኛው ቀን ሁሉም መታዘዝን የሚቃወም ምክንያት ብቻ ይዞ ይመጣል፤ በሌላው ቀን የሚደግፈውን ብቻ። አንዱ ሌላውን እንዳያግባባ፣ እያንዳንዱም ጉዳዩ እንደማይነካው እንግዳ ሰው ሆኖ እንዲያስብ ተስማሙ። በመጨረሻ ሁሉም ለመታዘዝ በአንድ ድምፅ ወሰኑ።

አንቺም በክፍልሽ ሞክሪው። አጥብቀሽ የምትፈልጊያትን እኅት ስም ጽፈሽ፣ ያን ቀን ለምን መሆን እንደሌለባት ብቻ አስቢ። በማግስቱ ደግሞ በጭራሽ የማትመርጫትን ያዢና ለምን መሆን እንዳለባት ጻፊ። ሁለተኛው ቀን ይከብድሻል፤ የበለጠ የሚያስተምርሽም እርሱ ነው።

ኢግናጥዮስ ነፍስ በጨለመች ሰዓት ቀድሞ የተወሰነ ነገር እንዳይለወጥም አስተምሯል። ክፉ ወሬ በሰማሽበት ሌሊት፣ ከአንዷ ጋር በተኳረፍሽበት ሳምንት፣ ወባ በጣለሽ ጊዜ ወረቀቱን አትንኪ። ነገር ግን ማዘግየትንም ጸሎት አታድርጊው። የገዳሪፍና የሑመራ ገበሬ ሰሊጡን ሳይደርስ አያጭድም፤ እስኪፈነዳም አይጠብቅም፤ ከፈነዳ ፍሬው መሬት ላይ ይቀራልና። አንቺም ቀን ቁረጪ።

3. ይሉኝታን ከትሕትና አትቁጠሪው።

አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እቆይበታለሁ። እኛ ስለ ሰው በግልጽ መናገር አይሆንልንም። አለቃ ሊመረጥ ሲል «ሁሉም ጥሩ ናቸው» እንላለን፤ ምርጫው ካለፈ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ «እኔማ ድሮም አውቅ ነበር» ይባላል። ካወቅሽ፣ የተጠየቅሽ ጊዜ የት ነበርሽ? ወጥ ቤት ውስጥ የሚነገር እውነት ማንንም አያድንም፤ የተመረጠችውን ያቆስላል፣ የመረጡትን ያሳፍራል፣ ቤቱንም ለዓመታት ይከፍላል።

አንዷ የምትወዳትን እኅት ድካም ትሸፍናለች። ሌላዋ የማትወዳትን እኅት ስጦታ ትሸፍናለች፤ ይህ የባሰ ነው፤ ምንም አልተናገረችምና ማንም «ዋሸሽ» አይላትም። ሌላዋ ደግሞ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ በሩን ትዘጋለች። እግዚአብሔርማ ያውቃል። ያላወቁት መራጮቹ ናቸው፤ እነርሱ እንዲያውቁም ነው አንቺ የተጠየቅሽው።

«ታዲያ ሐሜት አይሆንብኝም?» ማለትሽ አይቀርም። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ሐሜት በገዳም ውስጥ ምን እንደሚያፈርስ ሁላችንም አይተናል። ከመናገርሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ። በዓይኔ አየሁት ወይስ ከሰው ሰማሁት? እርሷ እዚህ ቁጭ ብትል ቃሌን እለውጣለሁ? ነገሩ አለቅነቱን ይነካል? «ምግብ ታማርጣለች» አይነካም። «የቤቱን ሂሳብ ለማንም አሳይታ አታውቅም» ይነካል። «ስትቆጣ ሳምንት ሙሉ ትዘጋለች፤ ታናናሾቹ ይሸሿታል» ይነካል። «ኡም ራኩባ ሳለን ሁሉ ሲደናገጥ እርሷ ውሃውን በሥርዓት አከፋፈለች» የሚለውም ይነካል፤ በጎውንም ቢሆን ዝም ብለሽ «ደግ ናት» አትበዪ፤ ያየሽበትን ቦታ ጥሪ።

በምሥጢር የተነገረሽን ግን አታውጪ። አንዲት እኅት አልቅሳ ያዋየችሽ ቁስል ለምርጫ ማስረጃ አይሆንም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቁጥር 630 አለቆች እንኳ እኅቶችን ኅሊናቸውን እንዲገልጡላቸው እንዳይገፋፉ ይከለክላል። ለአለቃ ያልተፈቀደ ለአንቺም አይፈቀድም።

የኢግናጥዮስ ማኅበር የሆኑት ኢየሱሳውያን ጠቅላይ አለቃቸውን ከመምረጣቸው በፊት አራት ቀን ለጸሎትና ለሁለት ለሁለት ንግግር ይተዋሉ። በእነዚያ ቀናት መጠየቅ ይቻላል፤ ማስመረጥ አይቻልም። እኛን የሚገዛን በ1983 የወጣው ሕግም በቁጥር 626 ለራስም ሆነ ለሌላ፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ድምፅ ማሰባሰብን ይከለክላል። «ለእገሊት ስጪ» አይባልም። «ከእገሊት ጋር አብረሽ ኖረሻል፤ ሰው ሲቃወማት ምን ታደርጋለች?» ይባላል። ከጠየቅሽ ደግሞ የምትጠብቂውን መልስ ብቻ ሳይሆን የመጣልሽን ስሚ።

4. የአገር ልጅነትን ከማዕዱ በታች አትደብቂው።

የድንበር ቤት ማዕድ ላይ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራ፣ የኑባ፣ የደቡብ ሱዳን፣ የጣሊያን፣ የህንድ ልጅ አብራ ትቀመጣለች። በአንዱ አገር ጦርነት ሲነሣ ማዕዱ ዝም ይላል። በ2013 ዓ.ም. ከሐምዳይት እስከ ጋላባት የነበረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሞተው የአንዷ ወንድም ነው፣ የዘመተው የሌላዋ ወንድም ነው፣ ሁለቱም እኅቶች በአንድ ቅዳሴ ቆመው «ሰላም ለሁላችሁ» ይባላሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አለቃ ሲመረጥ «የኛ ሰው ብትሆን ታዝንልናለች» የሚል ሐሳብ ሳይጋበዝ ይገባል። ከክፋት ብቻ አይመጣም፤ ከፍርሃትም ይመጣል። ስለዚህ ሲመጣብሽ አትደንግጪ፤ በጸሎትሽ ጊዜ በስሙ ጠርተሽ ለጌታ ንገሪው፤ ስሙ ያልተጠራ ፍርሃት ነው ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው።

ማፈራረቅም አያድንም። «ባለፈው የእነርሱ ነበረች፣ አሁን የእኛ ትሁን» ማለት ያንኑ ቆጠራ ፍትሕ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ቋንቋ መቻል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አረብኛ የማትችል አለቃ ገዳሪፍ ላይ ከጸጥታ ቢሮው፣ ከሰፈሩ ሼኽ፣ ክሊኒክ ከሚመጡት እናቶች ጋር የምትነጋገረው በሰው አፍ ነው። ይህን አንሥቶ መጻፍ ዘር መቁጠር አይደለም። ቋንቋን እንደ ሙያ መዝኚው፤ እንደ ዝምድና አትመዝኚው።

ደግሞም በሱዳን ምድር ይህ የእኅትነት ሕይወት ከመጀመሪያውም የአንድ ወገን አልነበረም። የሱዳኑ ሚስዮናዊ ዳንኤል ኮምቦኒ ከመሠረተው ማኅበር የመጀመሪያ እኅቶች አንዷ ፎርቱናታ ኳሼ ናት፤ ከኑባ ተራሮች በባርነት ተወስዳ የነበረች፣ ኋላ መሐላ ገብታ ወደ ሱዳን የተመለሰች ሴት።

5. አለቅነትን የቅድስና ሽልማት አታድርጊው።

ቅድስት ባኪታ ዳርፉር ተወለደች፤ በባርነት ተሸጠች፤ ከካርቱም በሱዋኪን ወደብ በኩል ጣሊያን ደረሰች። በካኖሳውያት ማኅበር ገብታ ስኪዮ ላይ በር ከፋች ሆነች፤ በ1947 ዐረፈች፤ በ2000 ቅድስት ተባለች። በማኅበሯ አለቃ ሆና አታውቅም። የአንዳንዷ ጸጋ በሩ ላይ ነው፤ ከዚያ አንሥተሽ ወንበር ላይ ብታስቀምጫት በሩንም ወንበሩንም ታጪያለሽ።

6. ለየትኛው ቦታ እንደምትመርጪ ለዪ፤ ከዚያ ትንንሹን ምልክት ተመልከቺ።

ኮምቦኒ የሴቶቹን ማኅበር በ1872 ቬሮና ላይ መሠረተ፤ በ1881 ካርቱም ላይ ሞተ። ማሪያ ቦሌጾሊ ማኅበሩን ከ1874 እስከ ሞተችበት እስከ 1901 መርታለች፤ አፍሪካን ግን ረግጣ አታውቅም። ወጣቶቹን አሠለጠነች፤ መሥራቹ ሲሞትና ሱዳን ላይ የተነሣው የማህዲ ጦርነት ሚስዮኑን ሁሉ ሲውጠው ቤቱ እንዳይበተን ይዛ ቆየች። በዚያው ዘመን ሱዳን ውስጥ የእኅቶቹ አለቃ ቴሬዛ ግሪጎሊኒ ነበረች። በጥር 1883 አል ዑበይድ በማህዲ እጅ ስትወድቅ ከእኅቶቿ ጋር ተማረከች፤ ምርኮው ለዓመታት ቆየ፤ ሌሎቹ እንዲተዉላት ብላ የአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ሚስት ሆና ለመኖር ተቀበለች። የዚህች ሴት ታሪክ ሲነገር ድምፅ ዝቅ የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ ግን ከፍ አድርጌ እናገረዋለሁ። ያለባትን አደራ በገዛ አካሏ ከፍላለችና።

ሁለቱም አለቆች ነበሩ። ቦሌጾሊ አል ዑበይድ ላይ ብትሆን፣ ግሪጎሊኒም ቬሮና ብትቀመጥ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። አንቺ ግን ስትጽፊ የትኛውን ቦታ እያሰብሽ እንደሆነ እወቂ። ለጠቅላይ አለቅነት የምትሆን ሴት፣ ድንበር ላይ ላለ የአምስት ሰው ቤት ላትሆን ትችላለች።

ትልልቁን ስጦታ ሁሉም ያየዋል፤ ንግግሯን፣ ትምህርቷን፣ ዜማዋን። እኔ የምልሽ ትንንሹን እዪ። ሐሳቧ ተቀባይነት ሲያጣ ሥራውን ከሌሎቹ እኩል ትሠራለች? ዘበኛውንና ምግብ አብሳይዋን የምታናግርበት ድምፅ ጳጳሱን ከምታናግርበት ምን ያህል ይርቃል? «አላውቅም፤ ንገሪኝ» ማለት ይሆንላታል? ገንዘብ ስትቀበል ደረሰኝ ትቆርጣለች? ሳትጠራ የታመመች እኅት ክፍል ትገባለች? ከእርሷ በታች የሠሩትስ ዐደጉ ወይስ ተጨማተሩ? ይህን የመጨረሻውን ከሁሉ አስበልጪ። አለቃ ሆና ባታውቅም የተመክሮ ልጆችን ወይም የክሊኒክ ሠራተኞችን ይዛ ታውቃለች፤ እነርሱን እዪ።

7. ሹመት ፈላጊዋንም ሸሺዋንም መርምሪ።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ይህ ተረት የገዳም አጥር አያቆመውም። ገንዘብ ባይበላ ክብር ይበላል፤ የተሻለው ክፍል፣ የውጭ ጉዞው፣ «እናታችን» መባሉ ይበላል። ሕጉ በቁጥር 624 አለቆች ለተወሰነ ዘመን እንዲሾሙ ማዘዙ ለዚህም ይረዳል። ሹመትን አጥብቃ የምትፈልገዋን ፍሪ። አጥብቃ የምትሸሸዋም ግን ሁልጊዜ ትሑት አይደለችም፤ አንዳንዷ የምትሸሸው መወቀስን ነው።

የአንቺው ስም ቢነሣስ? ሳቅሽ አይደል? ይነሣል፤ ዕድሜ ብቻውን አያግድም። ኢግናጥዮስ በ1541 የማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ ሆኖ ሲመረጥ አልቀበልም አለ፤ ድምፁ እንዲደገም ለመነ፤ ተደግሞም ያው ሆነ። ከዚያ ወደ አንድ ፍራንቸስካዊ የንስሓ አባት ሄዶ የሕይወቱን ኃጢአት ሁሉ ተናዘዘና ምን ላድርግ አለው። «ተቀበል» ተባለ፤ ተቀበለ። የእርሱን መንገድ ያዢ፤ እምቢታሽን ብቻሽን አትወስኚ፤ ድካምሽን አንድም ሳታስቀሪ ለሚያውቅሽ አባት ወይም እናት ንገሪና የሚልሽን ስሚ። የቤተ ክርስቲያን ሕግም ለተመረጠ ሰው ለመመለስ እስከ ስምንት ቀን ይሰጣል።

8. ሥርዓቱን አክብሪ።

ጠቅላይ አለቃዋ በጉባኤ ትመረጣለች። የአካባቢና የቤት አለቆች እንደየማኅበሩ ሕገ ደንብ ይመረጣሉ ወይም ይሾማሉ፤ ከተሾሙ ቁጥር 625 ተገቢ ምክክር እንዲቀድም ያዝዛል። አሁን እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት ይህ ምክክር ነው። ድምፅ መስጫ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ስለዚህ ስም ብቻ ጽፈሽ አትላኪ፤ ከስሙ አጠገብ ምክንያቱን አስፍሪ።

አንድ ቀን በጉባኤ ስትቀመጪ ደግሞ ድምፅሽ ነጻና ምስጢራዊ መሆን አለበት፤ በከባድ ማስፈራራት ወይም በማታለል የተሰጠ ድምፅ አይቆጠርም። የወረቀቱ ቁጥር ከመራጮቹ ቁጥር ከበለጠ ያ ዙር ይፈርሳል። ምርጫው በሚካሄድበት ቤት ታማ የተኛች መራጭ ካለች ድምፅ ተቀባዮቹ ክፍሏ ድረስ ሄደው የጽሑፍ ድምፅዋን ይቀበላሉ። ይህን ድንጋጌ እወደዋለሁ። የታመመችው እኅት አትረሳም ማለት ነው።

9. ከምርጫው በኋላ ያለው ጊዜም የማስተዋሉ ክፍል ነው።

አንቺ ያልጻፍሻት ብትመረጥ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሂጂና የምትችይውን ሥራ ንገሪያት። «እኔ ሌላ ሰው ነበር የጻፍኩት» አትበያት፤ «አንቺን ነው የጻፍኩት» ብለሽም አትዋሺ።

በ1973 ወደ አዲስ አበባ የመጡትን፣ ስድስት ኪሎ ያሉትን የማዘር ቴሬዛን እኅቶች ታውቂያቸዋለሽ። በ1990 ማዘር ቴሬዛ በሕመም ምክንያት ለመውረድ ጠይቃ ነበር፤ እኅቶቿ መልሰው መረጧት። በ1997 ግን ጉባኤው ለሳምንታት ጸልዮና መክሮ ሲስተር ኒርማላን መረጠ፤ ከሂንዱ ቤተሰብ የተወለደች፣ ዓለም የማያውቃት ሴት። እርሷም «ማዘር» ተብላ እንዳትጠራ ጠየቀች። ማዘር ቴሬዛ እስከ መስከረም መጀመሪያ በሕይወት ነበረች፤ በእነዚያ ወራት በምትወዳት ልጇ ሥር ኖረች። ከመመረጥ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ለወረደችው አስቡላት። ከአዲሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ወዲያው አታስቀምጧት፤ ሱባኤ ትግባ፤ ዘመዶቿን ትይ፤ ከዚያ በሌላ ቤት ሥራ ይሰጣት። ርክክቡም በቃል አይሁን፤ የሂሳብ መዝገቡ፣ የባንኩ ፊርማ፣ የእያንዳንዷ እኅት የመኖሪያ ፈቃድ የሚያልቅበት ቀን፣ ደመወዝ የሚጠብቁ ሠራተኞች ዝርዝር በጽሑፍ ይተላለፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። በጦርነት አገር አንድ ወረቀት በመጥፋቱ እኅት ድንበር ላይ ትቀራለች።

አሁን ሚያዝያ ነው። ሰኔ ሳይገባና መንገዱ በጭቃ ሳይቆረጥ ወረቀትሽን ጨርሰሽ፣ አሽገሽ፣ ወደ ፖርት ሱዳን ወይም ወደ መተማ ለሚሄድ ለታመነ ሰው ስጪ። ቅጂውን አታስቀሪ፤ ለእኔም ማንን እንደጻፍሽ አትንገሪኝ።